በሰው ሶፋ የተቀበልኳቸው እንግዶች

ካዋንግዋሬ፣ ናይሮቢ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ጁባ እንዴት ይዛሻለች? ሙቀቱ ትንሽ ቀነሰልሽ ወይ? እግርሽ ማበጡን ተወ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትገቢ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ? የምትሠሪበት ወጥ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑንና ለአፍታ አረፍ የሚባልበት ወንበር እንኳ እንደሌለው ልብስ ነጋዴዋ ጦይባ ነገረችኝ። አንቺማ መቼ ትነግሪኛለሽ፣ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ አባዬ" ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም አለ፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ ነው ያቃተኝ፣ እሱንም ልጅሽ ሠርክ ታስገባልኛለች። የእናትሽን መቃብር ከፋሲካ በኋላ ሄጄ አጸዳሁት። ሣሩ በዝቶ ነበር፣ አሁን ደህና ነው።

ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው እንዳትስቂ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በቀበሌ አግዳሚ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሠርክ "አባባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ" ብላኝ ነበር። "ለልጄ የምጽፈውን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም" አልኳት። "እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ?" ብላ ሳቀች። ሌላ ሰው ሆና አይደለም። ደብዳቤው ስለ እሷ ስለሆነ ነው።

በስልክ እንዳልነግርሽ ደህናው ስልክ የእሷ ነው፤ ስናገር አጠገቤ ናት። የኔው አሮጌ ደግሞ ጁባ ሲደወልበት ይቆራረጣል፣ ይኼ እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። ጦይባ ልብሷን ጭና ወደዚያ ልትመጣ ስለሆነ በእሷ እጅ እልከዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ለልጅሽ በስልክ የተናገርሽውን ሰምቻለሁ። ተደብቄ አይደለም፣ አንቺ እንደሆንሽ ስትቆጪ ድምፅሽ ከስልኩ አልፎ ግድግዳ ይመታል። "እኔ እዚህ በእሳት እየተጠበስኩ አንቺ ኮርሱን አልወደድኩትም ትያለሽ? ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎሽ፣ ስምሽ ወጥቶ፣ አልፈልግም? ምን ዓይነት ሰነፍ ነው የወለድኩት?" አልሻት። ከዚያም ልብሽ እስኪመለስ እንዳትደውልልሽ ነገርሻት። እሷ ምን አለች? "እሺ እማዬ" ብቻ። ስልኩን ዘጋች፣ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው፣ ወደ እኔ ዞረችና "አባባ፣ ክሩ አልቆ ነበር አይደል? ልግዛልህ?" ብላኝ ወጣች። ክር አላለቀብኝም ነበር።

ልጄ፣ ሠርክ ኮርሱን አልጠላችም። ይህንን ነው ልነግርሽ የተነሳሁት። ኢኮኖሚክስ ነው የደረሳት፣ ራሷ የመረጠችው ነው። ስሟ የወጣ ቀን እዚህ ግቢ ውስጥ የዘለለችውን ብታዪ! የጎረቤት ሕፃናት ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ዘለሉ። ቀናቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋ በእስክሪብቶ ትሰርዝ ነበር። ያንን የምታደርግ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ ኮርስም አልጠላችም። ስለ እሷ የያዝሽውን ቅያሜ ዛሬውኑ ከልብሽ አውጪው።

ታዲያ ለምን አልገባችም ትይኛለሽ። ጥናት የሚሉት ነገር ነው ያበላሸው። የጥናት ሰዎች። እጄ ደክሞኛል፣ ነገ እቀጥላለሁ።

*

ይኸው ነገ ያልኩሽ ብዙ ቀን ሆነ። ጦይባ ድንበሩ ላይ መኪና ቆሟል ብላ ስላልሄደች አልቸኮልኩም። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ አስጠልቶኝ ነው።

ስለ ጥናቱ ልንገርሽ። እዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ የኢኮኖሚክስ ሰዎች ናቸው። ፈተና ያለፉ የስደተኛና የመጤ ልጆች ከኮሌጅ በር ደርሰው ለምን ይመለሳሉ፣ ክፍያው ነው ወይስ ርቀቱ ወይስ ቤተሰቡ፣ ብለው ይመረምራሉ። ሠርክ ናት ያስረዳችኝ። ከሚመዘግቧቸው ልጆች ውስጥ አቅም የሌለውን ቤት ይመርጡና የልጁን ክፍያ እስኪጨርስ ይሸፍኑለታል፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን እያዩ ይጽፋሉ። ለመምረጥ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ቤቱን አይተው፣ ሰውየውን ጠይቀው ነው።

ሠርክ ተመዘገበች። "ቅዳሜ ቤታችን ይመጣሉ" አለችኝ። "አባባ፣ ምንም እንዳታዘጋጅ፣ እንዳለን ነው የምንቀበላቸው። ደግሞ የሚጠይቁህን እንዳለው ንገራቸው፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አሁን ስሚኝ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። እኔ ሰው ቤቴ መጥቶ ስለ ልጄ የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ያንቺ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ። ትዝ ይልሻል፣ ምንጣፉን ከጎረቤት ተውሼ፣ እናትሽ የሌለንን ብርጭቆ ሁሉ ደርድራ፣ ሽማግሌዎቹ "ይኼስ የተከበረ ቤት ነው" ብለው የወጡበት። ልጁን በችግር አሳልፎ ሰጠ እንዳይባል፣ የሄደችበት ቤት እንዳይንቃት አባት የሚያደርገው ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሰው ልኮ የልጄን ልጅ ሊጠይቀኝ ነው ሲባል በኔ ጭንቅላት ውስጥ የመጣው እሱ ነው። ይህቺ ልጅ ከማን ቤት እንደወጣች ይዩ አልኩ። እንደ ውዳቂ አይቁጠሯት አልኩ። ወረቀታቸው ላይ ሌላ ተጽፎ ከሆነ እኔ ምን አውቃለሁ?

አውቅ ነበር። ሠርክ ነግራኛለች። ግን "ደሃ ነን በላቸው" የሚለውን ምክር ጆሮዬ ሰምቶ ሆዴ አልተቀበለውም።

የላቪንግተን ደንበኛዬን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ "ፉንዲ፣ ፉንዲ" እያለች፣ ባለሙያው ማለቷ ነው፣ የምትጠራኝን። ሙሉ ሶፋዋን አምጥታ ስፖንጁን ቀይሬ፣ በአረንጓዴ ከፋይ አልብሼ ጨርሼላት ነበር፣ የምትወስድበት መኪና እየጠበቅሁ። ቤታችን የቱን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ሶፋው ሲገባ ለሰው መቆሚያ አይተርፍም። ላስቲክ ለብሶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ገፈፍኩት።

ሠርክ አየችኝ። "አባባ፣ የሰው ነው" አለች።

"እጄ ያረፈበት ነው" አልኳት።

"አባባ እባክህ፣ መሬት ላይ እናስቀምጣቸው፣ ጀሪካን ላይ እናስቀምጣቸው፣ እነሱ አይከፋቸውም!"

"እኔ ይከፋኛል" አልኳት።

ሌላም አለ። ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያላት ውባንቺ፣ ያቺ እናትሽ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት፣ እንግዳ አለብኝ ስላት በትልቅ ትሪ ክትፎ ከነአይቡ ላከችልኝ፣ ምንጣፍም ጨመረችበት። እሷም እንደኔው ናት፣ ምን እንግዳ ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ኢዮኤል የሚባል የኛው ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው እንደ ሦስት ዓመት ሕፃን የሚጥመኝ። አብራው አንዲት የአገሬው ልጅ አለች፣ እሷ ፈገግ ብላ ከመጻፍ በስተቀር አልተናገረችም። ሶፋው ላይ ሰመጡ። ኢዮኤል ክትፎውን እያየ "ዋው፣ ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለኛ?" አለ። "ሁልጊዜ የምንበላው ነው፣ ብላ" አልኩት። ከመጋረጃው ኋላ ሠርክ ስትስል ሰማሁ። ሳል የላትም።

ከበሉ በኋላ ታብሌቱን አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። "ጋሼ፣ ባለፈው ወር ቤተሰቡ ውስጥ ሚል ስኪፕ ያደረገ ሰው አለ?" አለኝ። ምን ማለት ነው ብለው "ምግብ... የዘለለ" አለ። "በኔ ቤት ምግብ ይቀመጣል እንጂ አይዘልም" አልኩት፣ ሳቀ። መልሶ በደንብ ጠየቀኝ፣ "ሳይጠግብ ያደረ ሰው አለ ወይ?" አለ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ልጄ፣ እንግዳ ሆኖ፣ የበላበት እጁ ሳይታጠብ፣ ልጆችህ ይራባሉ ወይ ብሎ ባለቤቱን የሚጠይቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? "በኔ ቤት ሳይጠግብ የሚያድር ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ጻፍ!" አልኩት። ሠርክ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። አየኋት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ቤቱ የኪራይ ነው ወይ አለኝ። በዚህ አልዋሸሁም፣ ግን አከራዬ ወንድሜ ማለት ነው አልኩት። ከውጭ የሚረዳችሁ ሰው አለ ወይ አለኝ። በልጄ ጉሮሮ የምኖር ሰው ነኝ ልበለው? እንዴት ተደርጎ? "ረዳት አያስፈልገኝም" አልኩት። "ልጄ ጁባ ሆቴል አላት" አልኩት።

ይኸው ጻፍኩት። ሆቴል አላት አልኩ። "የራሷ?" አለኝ። "የማን ሊሆን ነው?" አልኩት።

እንግዲህ አንቺ ምድጃ ፊት ቆመሽ በቆርቆሮ ሥር ስትጠበሺ እኔ እዚህ ባለ ሆቴል አድርጌሽ ነበር። ስትሰሚው ከሳቅሽ ሳቂ።

ሊወጣ ሲል ልጁ የሶፋውን ክንድ ዳበስ አደረገና "ጋሼ፣ ናይስ ሶፋ" አለኝ። "የእጄ ሥራ ነው" አልኩት። በዚያን ቀን ከአፌ የወጣው ያልተበረዘ እውነት እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሠርክ ዞረና "አንቺስ የምትጨምሪው ነገር አለ? ያባባ መልስ ላይ የምታርሚው?" አላት። ደግ ልጅ ነው፣ አሁን ሳስበው የሸተተው ነገር ነበር። በር እየከፈተላት ነበር። ሠርክ እኔን አየችኝ። ክራባት አስሬ ነበር። ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

"አባባ እንዳለው ነው" አለች።

*

ዛሬ ዝናብ ስለሆነ ሥራ የለም፣ ልቀጥል።

መልሱ በስልኳ መጣ። በአምስት እርከን ነው ሰውን የሚከፍሉት። "አባባ፣ ከሁሉ የላይኛው ላይ ነው ያስቀመጡን" አለችኝ። እኔ ደግሞ "ይገባናል!" አልኩ። እውነቴን ነው፣ እጄን አጨበጨብኩ። ተነስቼ ለውባንቺ ልደውልላት ስል ክንዴን ያዘችኝ። "የላይኛው ማለት አይከፍሉልንም ማለት ነው። አቅም አላችሁ ነው የሚሉት" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልን ነበር። እሷ ያደረገችው ሄዳ ላስቲኩን ካስቀመጥኩበት አወጣችና ሶፋውን መልሳ አለበሰችው። ጥግ ጥጉን እያስገባች፣ እኔ እንዳስተማርኳት። በማግስቱ የላቪንግተኗ መኪና መጥቶ ወሰደው። ቤቱ የተላጨ ራስ መሰለ።

አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር፣ ሠርክም አታውቀውም። ሄጄ ነበር። ቢሯቸው ኪሌሌሽዋ ነው። ለሠርክ ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ኮቴን ለበስኩ፣ ክራባቴን አሰርኩ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ። ቢሮ እንዴት ተብሎ በሸሚዝ ይገባል? ኢዮኤል ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፣ ወንበሩን ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም። ዙሪያውን ኮምፒውተር ላይ የተደፉ ልጆች አሉ። ሁሉም ይሰማሉ።

ነገርኩት። ሶፋው የኔ አይደለም አልኩት። ምንጣፉም የሰው ነው፣ የበላኸውም የሰው ነው አልኩት። ልጄ ሆቴል የላትም፣ የሰው ድስት ነው የምታማስለው አልኩት። ደሃ ነኝ አልኩት። ልጄ፣ ይህቺን ቃል አባቴ ሲሞት አላልኳትም፣ አገር ጥዬ ስወጣ አላልኳትም፣ እናትሽን ለማሳከም ሰው ሁሉ "ለማኅበረሰቡ ተናገር" ሲለኝ አላልኳትም። እዚያ ለማላውቃቸው ልጆች አልኳት።

ኢዮኤል እያየኝ ነበር። ፊቴን ሳይሆን ክራባቴን፣ ጫማዬን። "ፖሌ ጋሼ" አለኝ፣ አዝናለሁ ማለቱ ነው። "ተዘግቷል። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ስንት ሰው መጣ መሰለህ፣ ሁሉም ደሃ ነኝ ይላል። ኋላ የመጣውን መልስ ብንቀበል ጥናቱ ጥናት አይሆንም" አለኝ። አለቃውን ጠራልኝ። ሴትየዋ በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ እሱ ተረጎመ፤ መልሱ ያው ነው፤ ቤቱ ሲታይ የተጻፈው ነው የሚጸናው። በአክብሮት ነው ያናገረችኝ። "ደንብ ነው" አለኝ።

"አንተ ታምነኛለህ?" አልኩት ኢዮኤልን።

ኮምፒውተሩን አየ። ከዚያ "እኔ ባምንህም ፎርሙ ላይ ማስገቢያ የለውም" አለ።

እንዲህ ነው። ስዋሽ አመኑኝ፣ እውነቱን ስናገር አላመኑኝም። ክራባቴን እዚያው ደረጃው ላይ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሳላስበው ካዋንግዋሬን አልፌ ሄድኩ፣ ረዳቱ "ምዜ፣ ሽማግሌው፣ የት ነው የምትወርደው?" እስኪለኝ። ቤት ስገባ ሠርክ "ጨርቁስ?" አለችኝ። "ዋጋው አልተስማማኝም" አልኳት።

የመግቢያው ቀን መጣና አለፈ። የዚያን ዕለት ሠርክ ማልዳ ተነስታ ቤቱን አጠበች፣ የሰውም ልብስ አጠበች፣ የእኔን የሥራ ጨርቆች ሁሉ በቀለም በቀለም ለየች። ማምሻውን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነቀለችው። ለአንቺ የደወለችልሽ ከዚያ በኋላ ነው። ኮርሱን አልወደድኩትም ያለችሽ ያኔ ነው። ስልኩን ከመደወሏ በፊት ወደ እኔ ዞራ "አባባ፣ እማዬ ብትጠይቅህ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፣ እሺ?" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሁለተኛ "እሺ" ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን አልጠበቅኩም፣ ይኼንን ጠብቄ ነበር፣ እስከ ዛሬ።

ለምን እንዳደረገችው ታውቂያለሽ። አንቺ እኔን እንዳትቀየሚኝ ነው። ከሁለታችን አንዳችንን መቀየም ካለባት እኔን ትቀየም አለች። እኔ ሽማግሌው ቀጥ ብዬ እንድቆም እሷ ጎበጠች። ይህን ሳስብ ወስፌው እጄ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ሥራው አይሄድም።

*

ልጄ፣ ይህ የመጨረሻው ነው። ጦይባ መኪናው ነገ ይነሳል ብላለች። ግን ደብዳቤውን ለጦይባ አልሰጣትም።

አንቺ ልትሄጂ ያቀድሽ ጊዜ የሰፋሁልሽን ቡናማ ቦርሳ ታስታውሺዋለሽ፣ መጀመሪያ ዓመት ለፋሲካ ስትመጪ ትተሽው የሄድሽውን። ሰሞኑን ሠርክ ከአልጋ ሥር አውጥታ አራገፈችው። "አባባ፣ ዚፑን ትሠራልኛለህ?" አለችኝ። ወዴት ልትይዢው ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሠራሁት። ማሰሪያውንም በአዲስ ቆዳ ቀየርኩት። የሚጎትት ሰው እጁን እንዳይቆርጠው ውስጡን ስፖንጅ አደረግሁበት።

ማታ ራት ላይ ነው የተናገረችው። "ጁባ የምሄደው አንድ ዓመት ብቻ ነው። እማዬ ትንሽ ትረፍ፣ እኔም ላግዛት፣ ከዚያ ተመልሼ እገባለሁ" አለችኝ። እማዬ ተቀይማሻለች እኮ አልኳት። "ስታየኝ ይለቃታል" አለች። እውነቷን ነው፣ ስታያት ይለቅሻል። አንቺም ስትሄጂ አንድ ዓመት ብቻ ነበር ያልሽኝ። ሠርክ ያኔ የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። አሁን የምትሄደው እሷ እንዳትቆምበት ብለሽ ወደ ቆምሽበት ምድጃ ነው።

አትሂጂ አላልኳትም። በምን አፌ?

ደብዳቤውን የምሰፋው ቦርሳው ገበር ውስጥ ነው። እሷ አታውቅም። ብታውቅ ቀዳ ትጥለው ነበር፣ አባባን ለእማዬ አላዋርድም ብላ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ከውባንቺ ስልክ እደውልልሽና "የቦርሳውን ገበር እዪው" እልሻለሁ፣ ሌላ ምንም አልልሽም። በቀይ ክር የተሰፋውን ፍቺ፣ ስፌቴን ታውቂዋለሽ። አብሮት የመግቢያ ወረቀቷ አለ። ቆሻሻ ላይ ጥላው አግኝቼ ነው፣ በጋለ ካውያ አስተካክዬዋለሁ። ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ኢዮኤል ግን ምናልባት በሚመጣው ዓመት ሌላ ዙር ይኖራል፣ እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኝ ነበር። ከመጡ ጀሪካን ላይ ነው የማስቀምጣቸው። ቧንቧ ውሃ ነው የማጠጣቸው። የሚጠይቁኝን ሁሉ፣ ሳይጠግቡ ስለ ማደሩም፣ እንዳለው እነግራቸዋለሁ። ግን ልጅቷ እዚህ ከሌለች ማንን ብለው ይመጣሉ? መልሰሽ ላኪልኝ። አንድ ዓመት ካለች አንድ ዓመት ይሁን፣ ሁለተኛውን አታስጀምሪያት።

ስትደርስ ድካሟ እስኪወጣ አታናግሪያት። ከምድጃው ፊት አታቁሚያት፣ ሒሳብ ትያዝላቸው፣ በጭንቅላቷ ነው የምትደምረው። መኪና ውስጥ መስኮት ዳር ካልሆነ ያጥወለውላታል፣ ለጦይባ ነግሬያታለሁ። ስትተኛ ክንዷን ከራሷ ሥር ታደርጋለች፣ እናትሽ ትተኛ እንደነበረው። አንድ ነገር ደግሞ አስተውዪ። በላሽ ወይ ስትያት "ጠግቤያለሁ" ትልሻለች። ከድስቱ ጎን ቆማ፣ እየሳቀች፣ "ውጪ ከጓደኞቼ ጋር በልቼ መጣሁ" ትልሻለች። አትመኛት። ድርሻዬን ከፍ አድርጋ፣ የራሷን ዝቅ አድርጋ ስንት ጊዜ እንዳቀረበችልኝ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ያን ቅዳሜ ውሃ ይዛ መሬት መሬቱን ያየችው ለዚህ ነው። ማንም አላስተማራት፣ ከእኔ ነው የወሰደችው። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ፣ ስትበላ አይተሽ ተነሺ።

መድኃኔዓለም መንገዷን ያቅናላት። አንቺንም ከበሽታ፣ ከተኩስ፣ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። እግርሽን ያበርታልሽ። የእናትሽ ጸሎት አይለያችሁ። ሁለታችሁን በአንድ ቀን፣ በዚህ በር ስትገቡ ያሳየኝ።

ስለ እኔ እንዳታስቢ። ቤቱ ሰፍቶልኛል፣ ሥራም ሞልቶኛል፣ ክር የሚያስገባልኝ የጎረቤት ልጅም አይጠፋም። ምንም የጎደለብኝ የለም። ጠግቤ ነው የማድረው።

አባትሽ